ቻይናውያን ታካሚዎችን ስለ ጨው ስንመክር የምንሠራቸው ስህተቶች

የምሠራው ሜልበርን ውስጥ ቻይናውያን ስደተኞች በሚበዙበት ሰፈር ነው። ከአገራችን ልጆች ወደ ነርስነትና ወደ ሥነ ምግብ ሙያ የሚገቡት እየበዙ ነው፤ ደስ ይለኛል። ግን የደም ግፊት ምክር ላይ ያው ስህተት ሲደጋገም ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ምግብ ላይ ጨው ይነሰንሳሉ?» ብሎ መጠየቅ

እባካችሁ፣ ይህን ጥያቄ ተዉት። ቻይናዊቷ እናት «የለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ገበታቸው ላይ የጨው ዕቃ አይቀመጥም። ነርሷ «ጨው አይጠቀሙም» ብላ ትጽፋለች፤ ሐኪሙ ያንን አንብቦ መድኃኒት ይጨምራል። ጨዉ ግን እንደ እኛ ወጥ ድስቱ ውስጥ ገብቶ አልቋል፤ ይህን ለመረዳት ሐበሻ የመጀመሪያው መሆን ነበረበት! ጠዋት ከሩዝ አጥሚት ጋር በጨው የተዘፈዘፈ ጎመንና የተብላላ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ይቀርባል። ማታ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ ላይ ሶይ ሶስ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጨዋማ ፈሳሽ) ይፈስበታል፤ ቅጠላ ቅጠሉ ላይ የኦይስተር ሶስ ይጨመራል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው፣ ግፊትን የሚጨምረው ማዕድን) አለው። ስለዚህ ጥያቄው «አንድ ጠርሙስ ስንት ቀን ያቆያችኋል? ስንት ሰው ይበላል?» መሆን አለበት። ግማሽ ሊትሩን ሁለት አዛውንት በሁለት ሳምንት ከጨረሱት፣ ከእሱ ብቻ እያንዳንዳቸው በቀን 2.7 ግራም ያህል ጨው ወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከምግቡ ሁሉ ተደምሮ ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል። ጠርሙሱን ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸውና ጀርባውን አብራችሁ አንብቡ። የተጻፈው ሶዲየም ነው፤ ጨዉን ለማግኘት በ2.5 ያባዙ።

ኤምኤስጂን ብቻ መወንጀል

ኤምኤስጂ ምግብን ለማጣፈጥ የሚጨመር ነጭ ዱቄት ነው፤ በውስጡ ያለው ሶዲየም እኩል ክብደት ባለው የገበታ ጨው ውስጥ ካለው ሲሶ ገደማ ነው። ሶሱን ሳይነኩ እሱን መከልከል ብዙም አይጠቅም።

የሚያበስለውን ሰው አለማናገር

አባትየው ፊታችሁ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ድስቱ ያለው ግን በሚስታቸው ወይም በምራታቸው እጅ ነው። የልጅ ልጅ ካለም አስገቡት። ሰሜን ቻይና ቻንግዢ ከተማ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ተማሪዎች ስለ ጨው ተምረው ቤተሰባቸውን እንዲያስተምሩ ተደረገ፤ ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸር የአዋቂዎቹ ጨው በቀን በ2.9 ግራም ቀነሰ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸውም በ2.3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወረደ።

«ዘራቸው ነው» ብሎ ተስፋ መቁረጥ

ይህን ስሰማ እበሳጫለሁ። ሲቹዋን ተራሮች ላይ የሚኖሩ የዪ ብሔረሰብ ገበሬዎች ደም ግፊት ከዕድሜ ጋር ብዙም አይጨምርም ነበር። ወደ ከተማ የወረዱት የገዛ ወገኖቻቸው ግን እንደ ሃን (የቻይና ትልቁ ብሔረሰብ) ጎረቤቶቻቸው ከዓመት ዓመት ግፊታቸው ሲወጣ ታየ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሟል። ሽንታቸው ሲመረመር ሶዲየሙ የበዛ ሰው ግፊቱ ከፍ ያለ፣ ፖታሲየሙ (ከአትክልትና ፍራፍሬ የሚገኘው ማዕድን) የበዛ ዝቅ ያለ ነበር። ዘሩ አንድ ሆኖ ኑሮው ሲለወጥ ግፊቱ ተለወጠ ማለት ነው።

ፖታሲየምን መርሳት

«ጨው ቀንሱ» ብለን እናሰናብታለን፤ ምን ይጨምሩ የሚለውን ማንም አያነሳም። የሚመከረው ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊግራም ፖታሲየም ነው። ከማያውቁት ምግብ አትጀምሩ። ስኳር ድንች፣ ስፒናች፣ ቦክ ቾይ (የቻይና ጎመን)፣ አኩሪ አተር፣ ሙዝ፦ ሁሉም ሰፈራቸው ገበያ አለ። ቅጠሉን ቀቅለው ውኃውን ከደፉት ግን ፖታሲየሙ አብሮ ይደፋል፤ ቶሎ ጠብሰው ወይም በእንፋሎት አብስለው ይብሉት።

ምትክ ጨው ያለ ምርመራ ማዘዝ

ምትክ ጨው፣ ማለትም ከሶዲየሙ ከፊሉ በፖታሲየም የተተካ ጨው፣ ጥሩ ነገር ነው። በቻይና ገጠር 600 መንደሮች ውስጥ 20,995 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ስትሮክን በ14 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ ነበር። ነገር ግን ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ፖታሲየምን በሰውነት የሚያስቀሩ መድኃኒቶች የሚወስዱ ጥናቱ ውስጥ አልገቡም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም ከተጠራቀመበት ልቡ ሊቆም ይችላል። ፖታሲየምን ከሚያስቀሩት መድኃኒቶች ስፓይሮኖላክቶን ወይም ኢናላፕሪል የሚወስዱ ካሉ አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው) እና ፖታሲየም በደም ሳይለካ «ይህን ግዙ» አትበሉ። ጤነኛ ሆነው የጀመሩትም ቤት ውስጥ ከዚያው ድስት የሚበላ የኩላሊት ሕመምተኛ እንዳለ ጠይቋቸው።