ከሃርት አታክ በኋላ ሲጋራ ሲያቆሙ የሚሠሩ ስህተቶች

በልብ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ከሃርት አታክ ተርፈው ወደ ቤት የሚሄዱ ብዙ አጫሾችን ሸኝቻለሁ። የሚሳሳቱት በአብዛኛው እዚሁ ላይ ነው።

"ቀንሻለሁ እኮ!" ይሄን ስሰማ አንጀቴ ያርራል። ፓኮ ይጨርስ የነበረ ሰው ሦስት አደረስኳት ብሎ ደስ ብሎት ይነግረኛል። ልፋቱ ይገባኛል። ለልብ ግን ጥቂቷም ብዙ ናት። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 ማጨስ በልብ ላይ የሚያመጣውን ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ግማሽ! ጭሱ ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል፣ የደም ሥርን ያጠባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ለዚህ ሁሉ ብዙ ጭስ አያስፈልግም። በዚያ ላይ የቀነሰ ሰው የቀረችውን አጥብቆ ነው የሚስባት። ስቴንት፣ ማለትም የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ የገባላችሁማ በደንብ ስሙኝ፤ ስቴንቱም በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። እባካችሁ ዜሮ አድርሷት። ሺሻም ያው ነው።

"ሆስፒታል እያለሁ አላማረኝም፣ ለቆኛል" ማለት ሌላው ነው። አልጋ ላይ ሆኖ፣ ፍርሃቱም ሳይለቅ ማን ያምረዋል? ሐራራው የሚመጣው ቤት ሲገቡ፣ የለመዱት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነው። መተርኮሻና ላይተሩን ቤተሰብ ቀድሞ ያውጣ። ሐራራው ሲነሳ ከተቀመጣችሁበት ተነሱ፤ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል።

ብዙዎች የማያውቁት የቡናውን ነገር ነው። ሲጋራ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ካቆማችሁ በኋላ ያው የድሮው መጠን ይበዛባችኋል። እንቅልፍ ያሳጣል፣ ልብ ያስደልቃል። ሰው ግን "ማቆሙ ነው የጎዳኝ" ብሎ ይመለሳል። ቡናውን በግማሽ ቀንሱ።

የኒኮቲን ፓች (ሐራራን ለማስታገስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የሲጋራውን ሱስ አስያዥ ኒኮቲን የያዘ መድኃኒት) ለልብ መጥፎ ነው ብለው ፈርተው፣ ሲጋራውን የሚቀጥሉ አሉ። ፓች ጭስ የለውም፤ ኒኮቲኑም ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ሕመማቸው ለተረጋጋ የልብ ታማሚዎች ይታዘዛል። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የቤት ሰው አጠገባችሁ አያጭስ።

"ልቤ አንዴ ተጎድቷል፣ አሁን ምን ይጠቅማል" የሚሉትን ደግሞ እጃቸውን ይዤ ነው የምለምናቸው። ከሃርት አታክ በኋላ ያቆሙ ሰዎች የመሞት አደጋቸው ከቀጠሉት በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው። አንድ ቀን ተሸንፋችሁ ብታጨሱ እንኳ አበቃልኝ ብላችሁ ፓኮ አትግዙ። ቀጣዩዋን ተዉና ለሚከታተላችሁ ሐኪም ንገሩ። መጫጫንና ተስፋ መቁረጥ ካለም አትደብቁ፤ ከሃርት አታክ በኋላ የተለመደ ነው፣ ሕክምናም አለው።