«ማን ጻፈው?» ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ልጆች ሲከራከሩ መስማት ደስ ይለኛል። አንድ ልማዳችን ግን ያሳስበኛል። ለሐሳብ ሁሉ አንድ ባለቤት እንፈልግለታለን። የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ግን በአመዛኙ ከወዳጆች ክርክር የወጣ ነው።

በብዛት የማየው ስህተት ሁለተኛውን ስም መጣል ነው። ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ስንጠቅስ «ዴሉዝ እንዲህ ይላል» እንላለን፤ አብሮት የጻፈው ጓታሪ የለም። ጓታሪ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የጋራ መጽሐፋቸው ብዙ ነገሩ የተነሣው ከእሱ ማስታወሻዎች ነው። በ1980 ባወጡት መጽሐፍ መግቢያ ላይ ደግሞ እያንዳንዳችን ብዙ ስለነበርን ሁለት ስንሆን ሕዝብ ሆንን ይላሉ። ከዚህ በኋላ አንዱን መሰረዝ ሐሳባቸውን ማፍረስ ነው።

ሌላው ያልተቋጨን ክርክር ቋጭቶ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በሩሲያዊው የቋንቋ ምሁር በቮሎሺኖቭ ስም የታተመውን የቋንቋ ፍልስፍና መጽሐፍ በአገሩ ልጅ፣ በሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ሊቁ በባኽቲን ስም የሚጠቅሱ አሉ። ሁለቱ የአንድ የውይይት ክበብ ሰዎች ነበሩ። «የጻፈው ባኽቲን ነው» የሚለው ነገር ጎልቶ የተነሣው ቮሎሺኖቭ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ዛሬም ያከራክራል። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ጻፉ፤ ክርክሩን በአንድ መስመር ጥቀሱ። የሞተ ሰው ስሙን መልሱልኝ አይልም።

የፈረንሳዊውን ሐያሲ የባርትን «የደራሲው ሞት» የተባለ ድርሰትም አታጣሙት። የጽሑፉን ትርጉም በደራሲው ሕይወትና ፍላጎት አትቆልፉት አለ እንጂ ማንም አልጻፈውም አላለም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የጣና ገዳማት ብራና ነው። ወይ «ደራሲው አይታወቅም» ብለን እናልፈዋለን፤ ወይ ገልባጩን ደራሲ እናደርገዋለን። አንድ መጽሐፍ ግን ቆዳውን የፋቀ፣ ቁም ጽሕፈቱን የጻፈ፣ ሥዕሉን የሣለ፣ ገንዘቡን አውጥቶ ያስጻፈ ሰው አለበት። ያስጻፈው ሰው ስም ጸሎቱ ውስጥ ይገባል። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ የፊተኛው ስም ተፍቆ ሌላ የሚተካበት ጊዜም አለ። ስለ ክብራን ገብርኤል ወይም ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ብራና ስትጽፉ የተፋቀ ቦታ ካለ እሱንም መዝግቡ። የመጻሕፍት ትርጓሜያችንም «አንድም» እያለ የሊቃውንቱን ፍች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ የኖረ ነው። ለእሱ አንድ ደራሲ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ደራሲ የለውም ማለትም በደል ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የሰበሰባችሁትን የለቅሶ ግጥምም «የሕዝብ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። አልቃሿን ከማን እንደሰማችው፣ የራሷን ምን እንደጨመረችበት ጠይቋት። ከፈቀደች ስሟ ከግጥሙ አጠገብ ይጻፍ።