የጃፓን ጥንታዊ ጦር እጃችሁ ከገባ

ሱሉልታ ያለችው የብረት ሥራ ቤቴ የምትኖረው በማረሻና በመጥረቢያ ነው። አንድ ደንበኛዬ ግን ውጭ ሀገር የገዛውን የጃፓን ጦር ይዞ መጣና «ግራይንደር አስነካልኝ፣ ያብለጭልጭ» አለኝ። እምቢ አልኩት። ምክንያቴን ከነአያያዙ ልንገራችሁ።

የኛ ጦር ዘንጉ ብረቱ ውስጥ ይገባል። ጃፓኖች ያሪ የሚሉት ግን አብዛኛው በተቃራኒው ነው፤ ብረቱ ረጅም ጭራ አለው፣ ጭራው ዘንጉ ውስጥ ገብቶ በቀርከሃ ችንካር ይያዛል። ብረቱን ለማውጣት ችንካሩን ከቀጭኑ ጫፍ በኩል በእንጨት መታ መታ አድርጉት። ጭራው አልወጣም ካለ አትታገሉት።

ከወጣ በዝገት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። በፍጹም እንዳታጸዱት! ዕድሜው የሚነበበው ከዚያ ዝገት ነው። አንጥረኛው ስሙን ቀርጾ ከሆነም እዚያው ነው።

አሁን ክፍሉን አጨልማችሁ አንድ አምፖል ብቻ አብሩ። ብረቱን ወደ ብርሃኑ አዘንብላችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ስለቱን ተከትሎ ነጣ ያለ መስመር ብቅ ይላል። ጥበቡ ያለው እዚህ ነው። አንጥረኛው ብረቱን አግሎ ውኃ ከማጠጣቱ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ጭቃ ይቀባዋል፤ ገላውን ወፈር፣ ስለቱን ሳሳ አድርጎ። ስለቱ ቶሎ በርዶ ይጠነክራል። ገላው ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ሲመታ ቶሎ አይሰበርም። እኔም ብረት አጠጣለሁ፤ አንዱን ብረት እንዲህ ሁለት ጠባይ ማስያዝ ግን ሌላ እጅ ይጠይቃል። ግራይንደር ሲያግለው ይህ ጥንካሬ ይፈታል። እሳት ስመ ጥሩንም አይምርም፤ ከጃፓን ሦስት ስመ ጥር ጦሮች አንዱን፣ ኦቴጊኔን፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በቶኪዮ የአየር ድብደባ የበላው እሳት ነው።

ለመጠበቅ ንጹህ የጥጥ ጨርቅና የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የምግብ ዘይት ይደርቅና ይጣበቃል። የጃፓኖቹ ዘይት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ስትወለውሉ ተጠንቀቁ! ጎራዴ ብዙ ጊዜ ደንዳና ጀርባ አለው፤ ያሪ ግን ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጎን ይቆርጣል። ጨርቁን አትጠቅልሉበት፤ ገጽ በገጽ፣ ከሥር ወደ ጫፍ ብቻ ጥረጉ። ብረቱ ላይ የተቦረቦረ ቦይ ካለና ውስጡ ቀይ ቀለም ካገኛችሁ አትፋቁት፤ የጥንት ቅብ ሊሆን ይችላል።

የቆዳ አፎት አታሰፉለት፣ እርጥበት ይይዝበታል። ጃፓኖቹ የማግኖሊያ እንጨት ይጠቀማሉ። እንደ ሱሉልታ ጭጋግ በሚበዛበት ቦታ ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ እዩት፣ ዘይቱንም አድሱለት። ቀይ ዝገት ከጀመረው ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት። ዘይት ቀብታችሁ፣ በጃፓን የውኃ ድንጋይ መሳል የተማረ ባለሙያ እስክታገኙ አቆዩት።