ሦስት ዘረመል፣ ሦስት ትንንሽ ስሌት

ዕፅዋትን ማዳቀል በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሦስት ዘረመሎች (ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፉ ክፍሎች) ያሉበት ጥያቄ ሲቀርብ ተማሪዎቼ ወዲያው ማስመሪያ ያነሳሉ። ከሁለቱ ወላጆች የሚመጡትን ጥምሮች ሁሉ የሚያጋጥም ባለ 64 ሳጥን ሠንጠረዥ ሊያሰምሩ ነው። እባካችሁ ማስመሪያውን መልሱት! ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ግን እጅን ያደክማል፣ አንድ ሳጥን በተሳሳተ ፊደል ከተሞላም መልሱ ሁሉ ይበላሻል። እያንዳንዱን ዘረመል ለብቻው አስሉ፤ ከዚያ ውጤቶቹን አባዙ።

አተርን እንውሰድ። ግሪጎር ሜንዴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው ክብ ፍሬ የተጨማደደውን፣ ቢጫ አረንጓዴውን፣ ረጅም ግንድ ድንኩን ይሸፍናል። ተክል ከየዘረመሉ ሁለት ቅጂ ይይዛል፣ አንዱን ከእናቱ ሌላውን ከአባቱ፤ ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ ቅጂ ቢይዝ የሚታየው ሸፋኙ ብቻ ነው።

እናቲቱ በሦስቱም ባሕርያት ሁለቱንም ቅጂ ትያዝ፦ ክጨ (ክብና የተጨማደደ)፣ ቢአ (ቢጫና አረንጓዴ)፣ ረድ (ረጅምና ድንክ)። አባትየው ክጨ፣ ቢአ፣ ድድ ይሁን፤ ማለትም እሱ ድንክ ነው። የተጨማደደ፣ አረንጓዴና ድንክ ልጅ ምን ያህል እንጠብቅ?

ክጨ በክጨ ሲዳቀል የተጨማደደው 1/4 ነው። ቢአ በቢአ፣ አረንጓዴው 1/4። ረድ በድድ ግን ድንኩ 1/2 ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እጃቸው ስለለመደ ለሦስተኛውም 1/4 ይጽፋሉ። ከማባዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ወላጆች ቅጂ አንድ በአንድ አንብቡ። 1/4 × 1/4 × 1/2 = 1/32። ክብ፣ ቢጫና ረጅም ከፈለጋችሁ ደግሞ 3/4 × 3/4 × 1/2 = 9/32።

1/32 ማለት 32 ፍሬ ይበቃል ማለት አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው የአንድ ወቅት ድካም ስለሚያስቀር ነው። በ32 ፍሬ ውስጥ የምትፈልጉት አንድም ሳይገኝ የመቅረት ዕድሉ 36 በመቶ ገደማ ነው። ቢያንስ አንድ ለማግኘት 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን የሚሻ 95 ፍሬ ያስፈልገዋል። ደስ የሚለው ግን ሁሉንም መዝራት አያሻም። የአተር ፍሬ ቅርጽና ቀለም የሚታየው ከእናቲቱ ላይ በተለቀመው ፍሬ ላይ ነው፤ ቁመት ብቻ ነው እስኪበቅል የሚጠበቀው። ስለዚህ የተጨማደዱትን አረንጓዴዎች ለይታችሁ እነሱን ብቻ ዝሩ። ከ95ቱ ስድስት ገደማ ይሆናሉ፤ ከእነሱም ግማሾቹ ድንክ እንዲሆኑ ትጠብቃላችሁ።

ሌላው ጥያቄ ንጹሕ ዘር ነው። ክብና ቢጫ ከሆኑት መካከል በሁለቱም ባሕርያት ሳይለወጥ የሚተካው 1/3 × 1/3፣ ማለትም 1/9 ነው። ከዚህ ድቀላ የተገኘ ረጅም ተክል ግን አንዱም በቁመት ንጹሕ አይደለም፤ ከአባቱ የግድ አንድ የድንክ ቅጂ ወስዷል። በመልኩ ተማርካችሁ ለዘር አታስቀምጡት።

ማባዛት የሚሠራው ዘረመሎቹ ተለያይተው ሲተላለፉ ነው። ሜንዴል በቅርጽና በቀለም ሁለቱንም ቅጂ ከያዙ ተክሎች 556 ፍሬ ሰብስቦ 315 ክብ ቢጫ፣ 108 ክብ አረንጓዴ፣ 101 የተጨማደደ ቢጫና 32 የተጨማደደ አረንጓዴ ቆጠረ። ማባዛቱ የሚያወጣው ምጣኔ፣ 9፦3፦3፦1፣ ከሚሰጠው 312.75፣ 104.25፣ 104.25 እና 34.75 ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ የሚመጣ ያህል ነው።

ሁለት ዘረመሎች አንድን ባሕርይ ሲጋሩ ስሌቱ አይለወጥም፤ መልኩን የምትመድቡበት መንገድ ነው የሚለወጠው። በሽቶ አተር አበባ ላይ ሐምራዊ ቀለም የሁለቱንም ዘረመሎች ሸፋኝ ቅጂ ይፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ አበባው ነጭ ነው። ስለዚህ 9፦3፦3፦1 የነበረው 9፦7 ይሆናል።

የሚያስቸግረው በአንድ ክሮሞሶም (ዘረመሎች በተርታ በተደረደሩበት ክር) ላይ የተቀራረቡ ዘረመሎች ናቸው። ሁለቱ ተሸፋኝ ቅጂዎች በአንዱ ክሮሞሶም ላይ አብረው ካሉና የመቀያየር መጠናቸው (ቅጂዎቹ ተለዋውጠው በአዲስ ጥምረት የሚተላለፉበት ድርሻ) 10 በመቶ ከሆነ፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ተክሎች ሲዳቀሉ ሁለቱንም ተሸፋኝ ባሕርይ የሚያሳየው ልጅ 6.25 ሳይሆን 20.25 በመቶ ነው። ዘረመሎቹ ተቀራርበው ይሆን የሚለውን ጥርጣሬ የምታጠሩት ሁለቱንም ቅጂ የያዘውን ተክል በሁለቱም ባሕርያት ተሸፋኝ ከሆነው ጋር በማዳቀል ነው። አራቱ የልጅ ዓይነቶች እኩል ገደማ ከወጡ አባዙ። ሁለቱ በዝተው ሁለቱ ካነሱ ግን የአናሳዎቹን ድርሻ ከጠቅላላው አስሉ፤ የመቀያየር መጠኑ እሱ ነው፣ በግማሽና በግማሽ ፈንታ ያንን ተጠቀሙ።