በካድዌል ፓርክ የሞተር ሳይክል ውድድር ላይ የሚገጥሙ ችግሮች፦ ከምልክት ወደ መንስኤ፣ ከመንስኤ ወደ መፍትሔ

የብሪቲሽ ሱፐርባይክ ሻምፒዮና ከሚካሄድባቸው ቦታዎች መካከል በእንግሊዝ ሊንከንሻየር የሚገኘው ካድዌል ፓርክ ማሽንንም አሽከርካሪንም አጥብቆ ይፈትናል። አንዱ ዙር 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሽቅብና ቁልቁል ይበዛዋል፣ ከፊሉም በዛፎች መካከል ያልፋል። በተለመደው መርሐ ግብር ዓርብ ልምምድ፣ ቅዳሜ ማጣሪያና የመጀመሪያው ውድድር፣ እሁድ ደግሞ ሁለት ውድድሮች ስለሚካሄዱ፣ በመካከል የሚገኘው የጥገና ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ይህ ጊዜ በአብዛኛው የሚባክነው አንድ ዓይነት ምልክት የሚያሳዩ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ሳይለዩ ቁልፍ ሲነሣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ለተዘረዘሩት ችግሮች ሁሉ የሚሠራው ደንብ አንድ ነው፦ መንስኤው ሳይለይ ምንም አይነካም፤ ከተለየ በኋላም በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ማሽኑ የቴክኒክ ፍተሻውን አያልፍም

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅን ነገር ነው። የሞተር ዘይት ማፍሰሻው ብሎን በሽቦ አልታሰረም፣ የፍሬን እጀታው መከላከያ ተሰብሯል፣ ወይም ከሞተሩ ሥር ያለው ሽፋን ተሰንጥቋል። ይህ ሽፋን ሞተሩ ቢፈነዳ ቢያንስ የዘይቱንና የማቀዝቀዣውን ውሃ ግማሽ መያዝ እንዲችል ደንቡ ያስገድዳል፤ ምክንያቱም አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ከኋላ የሚመጡትን ሁሉ ይጥላል። ራዲያተር ውስጥ የፀረ በረዶ ፈሳሽ መጨመር የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፈሳሹ እንደ ዘይት ያንሸራትታል፣ በቀላሉም አይደርቅም። ማሽኑ በብርድ ወቅት መንገድ ላይ ሲነዳ የቆየ ከሆነ ራዲያተሩ ከቤት ሳይወጣ ተደጋግሞ በንጹህ ውሃ መታጠብ አለበት።

የኋላ ጎማው ገጽ ይበጣጠሳል

የሻምፒዮናው ብቸኛ ጎማ አቅራቢ ከ2008 ጀምሮ ፒሬሊ ስለሆነ ሁሉም ተወዳዳሪ የሚሮጠው በአንድ ዓይነት ጎማ ነው፤ ልዩነት የሚፈጥረው አያያዙ ነው። ጎማው ሲበጣጠስ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የቁስሉ ጥልቀት ነው። ቁስሉ ጥልቅና ጠርዙ ሻካራ ከሆነ የጎማው ውስጥ አልሞቀም ማለት ነው፤ ንፋሱ በዝቶ ጎማው መተጣጠፍ አልቻለም፣ ወይም ለጠዋቱ ብርድ የተመረጠው ጎማ ከልክ በላይ ጠንካራ ነው። በአንጻሩ ገጹ ሰማያዊ ነጸብራቅ ካሳየና አሽከርካሪው «የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥሩ ነበሩ፣ ከዚያ መንሸራተት ጀመረ» የሚል ከሆነ፣ ጎማው ከልክ በላይ ሞቋል። ሁለቱ ችግሮች ተቃራኒ መፍትሔ ስለሚፈልጉ ሳይለዩ ንፋስ መጨመር ወይም መቀነስ ነገሩን ያባብሰዋል። ንፋሱ የሚለካው ማሽኑ ፒት (ከመንገዱ ዳር ያለው የጥገና ቦታ) እንደገባ፣ ጎማው ትኩስ ሳለ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተለካ ቁጥር ጎማው መንገድ ላይ ምን ላይ እንደነበረ አይናገርም።

የፊት ፍሬኑ እጀታ ወደ መሪው ይጠጋል

በካድዌል ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ይህ ምልክት ነው። «ዘ ማውንቴን» በሚባለው አጭርና ቀጥ ያለ ዳገት አናት ላይ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣል፤ ፈጣን አሽከርካሪ ሲሆን ሁለቱም ጎማዎች አየር ላይ ይውላሉ። የሱፐርባይኩ ክፍል ከ2012 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት በሆነ የሞቴክ የሞተር መቆጣጠሪያ ስለሚሮጥ፣ የጎማ መሽከርከርን የሚገታም ሆነ የፊት ጎማ እንዳይነሣ የሚከለክል ኤሌክትሮኒክስ የለውም። የፊት ጎማው መሬት ሲነካ መሪው ትንሽ ዞሮ ከነበረ ግራና ቀኝ ይርገፈገፋል። በዚህ ጊዜ የፍሬን ዲስኩ እየተወዛወዘ ፓዶቹን (ዲስኩን ጨብጠው የሚያቆሙትን የፍሬን ሸራዎች) ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። በፓድና በዲስክ መካከል ክፍተት ስለሚፈጠር አሽከርካሪው ሄርፒን ወደሚባለው እጅግ ጠባብ ኩርባ ሲደርስ እጀታውን ይጨብጣል፣ እጀታው ግን ያለ ምንም ግፊት ይገባለታል።

ይህንኑ ምልክት የፈላ የፍሬን ዘይትም ያሳያል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ወሰን ወደ 155 ይወርዳል። መለያው ቀላል ነው። እጀታው አንዴ ወይም ሁለቴ ተነክቶ ወዲያው ከጠነከረና ችግሩ የሚታየው ከማውንቴን በኋላ ብቻ ከሆነ፣ ፓዶቹ ተገፍተዋል። እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰና ዙር በጨመረ ቁጥር ከባሰ ዘይቱ ፈልቷል።

ለመጀመሪያው መፍትሔው የሚጀምረው ከአሽከርካሪው ነው፦ ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት ማሽኑን ቀጥ ያድርግ፣ ካረፈ በኋላም ፍሬን ከመፈለጉ በፊት በአንድ ጣት እጀታውን ነካ ነካ ያድርግ። መካኒኩ ደግሞ የመሪውን ኩሽኔታ ልልነትና የመሪ ማረጋጊያውን ይመርምር። ማረጋጊያውን እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ብዙዎች የሚቸኩሉበት እርምጃ ነው፤ በሆል ቤንድስ ተከታታይ ኩርባዎች ግን መሪው ስለሚከብድ በአንድ ቦታ የተገኘው በሌላ ቦታ ይጠፋል። ዘይቱ ከፈላ አየር በማስወጣት ብቻ ማለፍ አይገባም፤ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይለወጥ፣ ከታሸገ ዕቃም ይቀዳ።

ከኩርባ ሲወጣ ማሽኑ ወደ ውጭ ይሰፋል

አሽከርካሪው ብዙውን ጊዜ «የፊቱ አይይዝም» ብሎ ያማርራል፤ መንስኤው ግን ከኋላ ሊሆን ይችላል። ጋዝ ሲሰጥ የኋላው ሞላ ከልክ በላይ ከተጨመቀ የፊቱ ይቀልና መስመሩን ይለቃል። ለማረጋገጥ በፊትም በኋላም ሾክ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል፤ ከልምምድ መልስ ማሰሪያው የቆመበት ቦታ ሾኩ ምን ያህል እንደገባ ያሳያል። የኋላው ጫፍ ደርሶ የፊቱ ቦታ ተርፎት ከተገኘ የሚስተካከለው የኋላው ነው።

አነሣሡ ይበላሻል

ቀይ መብራቱ ሲጠፋ የፊት ጎማው ከተነሣ ወይም ማሽኑ ተንገራግጮ ከቀረ፣ መንስኤው በአብዛኛው ፍሪሲዮኑ ነው። በመነሻ ቦታ ላይ ሲሞቅ የእጀታው መያዣ ነጥብ ይለወጣል፤ ጠዋት ፓዶክ (የቡድኖች ማረፊያ ግቢ) ውስጥ በቀዝቃዛ ሞተር የተስተካከለው ያን ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ እጀታው የሚስተካከለው በሞቀ ሞተር ነው፤ የልምምድ መነሻ በሚፈቀድበት ሰዓት ሁሉም ዕድል ይሞከር።

ዝናብ ይመጣል

የዝናብ ጎማ ከተገጠመ በኋላም ማሽኑ የሚያንሸራትት ከሆነ፣ ሾኮቹ ለደረቅ መንገድ እንደጠነከሩ ቀርተው ይሆናል፤ ለስለስ ይደረጉ። አንድ ነገር ግን በችኮላ ይረሳል። በሞተሩ ሥር ሽፋን ላይ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ አለ፤ በደረቅ ቀን ዘይት እንዳያሳልፍ ተደፍኖ ይቆያል፣ የሚከፈተው ውድድሩ የዝናብ ነው ሲባል ብቻ ነው። ሳይከፈት ከቀረ ሽፋኑ ውሃ ይሞላል፣ ውሃውም በኩርባ ላይ ወደ ኋላ ጎማው ይፈስሳል። መንገዱ መልሶ ሲደርቅ ቀዳዳውን መድፈን እንዳይዘነጋ ለአንድ ሰው በስም ኃላፊነት ይሰጠው።

ክንድ ይደነድናል፣ ጣት አይታዘዝም

የክንድ ጡንቻ ሲሠራ ያብጣል፤ የሸፈነው ጠንካራ ስስ ሽፋን ግን አብሮ ስለማይለጠጥ ግፊቱ ጣቶቹን ያደነዝዛል። ብዙ አሽከርካሪዎች ሽፋኑን በቀዶ ሕክምና አስከፍተዋል። ከዚያ በፊት ግን ሰውነቱን የሚይዘው ክንዱ መሆኑ መታየት አለበት። ታንከሩን በጉልበቱ አጥብቆ የማይዝ ሰው ፍሬን በያዘ ቁጥር ክብደቱን ሁሉ በእጁ ይሸከማል። በታንከሩ ጎንና ጎን የሚለጠፍ ሻካራ ጎማና የእጀታውን አቅጣጫ ከክንዱ ጋር ማስተካከል ርካሽና ፈጣን መፍትሔዎች ናቸው።

ከመውደቅ በኋላ

ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቢቆምም መሪው ከእጅ ሲለቀቅ ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ከሄደ፣ የፊት ሾኮቹ በመያዣቸው ውስጥ ተጣመዋል፤ ብሎኖቹ ላልተው፣ ሾኮቹ ተስተካክለው እንደገና ይጠበቁ። የጋዝ መስጫ እጀታው ውስጥ ጠጠር ከገባ ጋዝ ተከፍቶ ሊቀር ስለሚችል ተፈትቶ ይጽዳ፤ ሲለቀቅም በራሱ መመለሱ ይረጋገጥ። አሽከርካሪው ግን ከማሽኑ ይቀድማል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የደበዘዘ እይታ፣ ወይም አወዳደቁን አለማስታወስ የአንጎል መናወጥ ምልክቶች ናቸው፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃሉ እንደ ማስረጃ አይወሰድም። ምልክቱን ያየ የቡድን አባል፣ አሽከርካሪው ቢቆጣም፣ ለውድድሩ ሐኪም መንገር አለበት። መሬት የመታው ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ከአገልግሎት ይውጣ፤ ተቀያሪ ከሌለም አሽከርካሪው በሚቀጥለው ውድድር አይሰለፍ።