በሰርተፊኬት መግባትን የሚያስረዳ ማኑዋል እንዴት ይስተካከል?

በፓስወርድ ፋንታ በሰርተፊኬት፣ ማለትም የባለቤቱን ማንነት በሚመሰክር የተፈረመ ፋይል፣ መግባት ሲሰራ ደስ ይላል። የሚገመት ፓስወርድ የለም፣ የግል ቁልፉም፣ ማለትም የሰርተፊኬቱ ጥንድ የሆነው ሚስጥራዊ ፋይል፣ ከባለቤቱ ኮምፒውተር ሳይወጣ ማንነቱን ያረጋግጣል። ማኑዋሉን ስትከፍቱት ግን ኮማንድ በኮማንድ ላይ ተደርድሮ «ይህን ኮፒ አድርጋችሁ አስኪዱ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ሶስተኛው ኮማንድ ላይ ኤረር የመጣበት ሰው የት ጋ እንደተበላሸ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ምክንያቱም ሲጀመር ምን እየሰራ እንደነበር ማንም አልነገረውም። እንዲህ አይነት ማኑዋል እጃችሁ ላይ ካለ አስተካክሉት። ምሳሌዬ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ነው፣ ሌላው ሶፍትዌር ላይም ነገሩ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ ኮማንዶቹን ተዉአቸውና ማን የትኛውን ፋይል እንደሚይዝ ጻፉ። ሰርቨሩ ጋ ሶስት ፋይል አለ፦ የራሱ ሰርተፊኬት፣ የራሱ የግል ቁልፍ እና የክላየንቶቹን (ወደ ሰርቨሩ የሚገቡትን) ሰርተፊኬት የፈረመው ሲኤ (ሰርተፊኬት ፈርሞ የሚሰጥ አካል) ሰርተፊኬት። ክላየንቱም ጋ ሶስት አለ፦ የራሱ ሰርተፊኬት፣ የራሱ ቁልፍ እና የሰርቨሩን ሰርተፊኬት የፈረመው ሲኤ ሰርተፊኬት። ሁለቱ ሲኤዎች አንድ ሊሆኑም ሊለያዩም ይችላሉ፣ ሰው የሚደናገረው በብዛት እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ በእናንተ ሲስተም የቱ እንደሆነ በግልጽ ጻፉት። ትንሽ ሰንጠረዥ ይበቃል፦ ፋይሉ፣ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ ማን እንደሚያነበው፣ ሚስጥር ነው ወይስ አይደለም።

አንዱን ፋይል ደግሞ አንዴ «ሰርት»፣ አንዴ «ፔም»፣ አንዴ «ክሬደንሻል» አትበሉት። ፔም የፋይሉ አቀማመጥ እንጂ ይዘቱ አይደለም። ሰርተፊኬትም፣ ቁልፍም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ፔም ፋይል ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። አንባቢያችሁ ፋይሉን በተራ ጽሑፍ ማንበቢያ ከፍቶ BEGIN የሚሉትን መስመሮች እንዲያይ ንገሩት፣ ምን እንደያዘ እዚያው ተጽፏል።

ቁልፉን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ አትደራደሩ። ተጠቃሚው ቁልፉን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይፈጥራል፣ ለእናንተ የሚልከው የፊርማ ጥያቄውን (ሲኤው ሰርተፊኬት እንዲፈርምለት የሚጠይቅበትን ፋይል) ብቻ ነው። እኛ ፈጥረን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም እንልካለን የሚል ማኑዋል ካያችሁ ያንን ገጽ አጥፉና እንደ አዲስ ጻፉት።

«ለጊዜው የሰርተፊኬት ማረጋገጫውን አጥፉት» የሚለውም ምክር ይውጣ። ለጊዜው የተባለ ነገር መቼ ተመልሶ ሲበራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፖስትግሬስ ላይ ይሄ ነገር ስውር ነው። ክላየንቱ ምንም ካልተነገረው «ፕሪፈር» በሚባለው ሁኔታ ይሰራል፣ ይህ ማለት ምስጠራ ከተገኘ ይጠቀማል፣ ካልተገኘ ያለ ምስጠራ ይቀጥላል። «ሪኳየር» ምስጠራን ያስገድዳል እንጂ የሲኤ ፋይል እዚያ ካልተቀመጠለት ሰርቨሩ ማን እንደሆነ አያጣራም። ፈራሚውንም የሰርቨሩን ስምም የሚያጣራው «ቬሪፋይ ፉል» ብቻ ነው። ማኑዋላችሁ ውስጥ ያሉት ምሳሌዎች በሙሉ በዚህ ይጻፉ፣ ምክንያቱም ሰው ማብራሪያውን ዘሎ ምሳሌውን ነው ኮፒ የሚያደርገው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ኤረሮቹ። ማኑዋል የሚከፈተው ነገር ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ኤረሩን ተርሚናል ላይ እንደሚታየው ቃል በቃል በእንግሊዝኛው አስቀምጡት፣ አትተርጉሙት። ሰው ሰርች የሚያደርገው እሱን ነው። ማብራሪያው ከስሩ በአማርኛ ይምጣ። ቁልፉን ሌላ ሰውም ማንበብ ይችላል የሚል ኤረር ከመጣ የፋይሉ ፈቃድ ወደ 0600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ይቀየር፣ ፖስትግሬስ አለዚያ ቁልፉን አይቀበልም። የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ከሆስት ስሙ ጋር አይገጥምም ካለ ሰውየው የተገናኘው በአይፒ አድራሻ ሊሆን ይችላል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ግን የዶሜይን ስም ነው። «ሰርተፊኬት ቬሪፋይ ፌይልድ» ሲል ብዙ ጊዜ ሲኤው ተሳስቷል፣ ወይም ሰርተፊኬቱን ከዋናው ሲኤ ጋር የሚያገናኘው መካከለኛ ሰርተፊኬት ከሰንሰለቱ ጎድሏል፣ ወይም ቀኑ አልፏል። ሶስቱንም በዚሁ ቅደም ተከተል እንዲያይ ንገሩት። ለዚህ ዩዘር ማረጋገጥ አልተቻለም ከተባለ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ኮመን ኔም (የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ቦታ) ከዳታቤዙ ዩዘር ስም ጋር አንድ መሆኑን ይመልከት። እያንዳንዱ ኤረር የሚታየው ክላየንቱ ጋ ነው ወይስ ሰርቨሩ ሎግ ላይ የሚለውም ይጻፍ፣ ይህችን መስመር የሚዘል ማኑዋል ብዙ ነው።

ስለ ቀን ካነሳን እኛ ሀገር ተጨማሪ ጣጣ አለ። ሰርተፊኬት ላይ ያለው ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠርና በጂኤምቲ ነው። «9 ሰዓት ላይ ያበቃል» የሚል ሰርተፊኬት አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ማኑዋሉ ላይ ሰዓት ስትጽፉ የቱን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ ሳትገልጹ አትለፉ። የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ከሆነም አዲሱ ሰርተፊኬት «ገና አልጀመረም» ተብሎ ይመለሳል።

እድሳትን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጉት። ብራውዘሮች የሚያምኗቸው የሕዝብ ሰርተፊኬቶች ዕድሜ እያጠረ ነው፦ ሲኤዎችና የብራውዘር ሰሪዎች የሚወስኑበት ሲኤ ብራውዘር ፎረም እ.ኤ.አ. በ2025 ባጸደቀው መሠረት ጣሪያው ከመጋቢት 2026 አጋማሽ 200 ቀን፣ ከመጋቢት 2027 አጋማሽ 100፣ ከመጋቢት 2029 አጋማሽ ደግሞ 47 ቀን ይሆናል፣ ወሮቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የራሳችሁ የውስጥ ሲኤ በዚህ አይገደድም። ግን «በዓመት አንዴ በእጅ አድሱ» ብሎ የሚጽፍ ማኑዋል ለሕዝብ ሰርተፊኬት አይሰራም።

እዚሁ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ጨምሩ። ሰርተፊኬት የሚጣራው ግንኙነቱ ሲጀመር ነው። ቀኑ ቢያልፍም ቀድሞ የተከፈተው ግንኙነት አይቋረጥም፣ እና ሲስተሙ ሰላም መስሎ ይቆይና አፕሊኬሽኑ ሪስታርት የተደረገ ዕለት ይወድቃል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው አዲሱን ኮድ ነው የሚጠረጥረው። ስለዚህ የማብቂያ ቀኑን የሚያሳየውን ኮማንድ ከዕድሳቱ ደረጃዎች በፊት አስቀምጡት። አዲሱ ፋይል ከተተካ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበትም ጻፉ። ፖስትግሬስ ከ10ኛው ቨርዥን ጀምሮ ለዚህ ሪስታርት አይፈልግም፣ ሪሎድ (ሳይጠፋ ፋይሎቹን እንደገና ማንበብ) ይበቃዋል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሲስተሙን ለማያውቅ ባልደረባችሁ ስጡት፣ ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ከላይ እስከ ታች ይሞክረው። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ግን አትናገሩ። ጥያቄ በጠየቀበት ቦታ ሁሉ አንድ አረፍተ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። መግባቱ ሲሳካለት ደግሞ ሆን ብላችሁ የሲኤውን ፋይል አንሱበትና የሚመጣውን ኤረር በማኑዋሉ ብቻ ይፍታው።