የሱስ አማካሪ መሆን ለምትፈልጉ

መጀመሪያ ዲግሪውን ያዙ። ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይም የአእምሮ ጤና ነርሲንግ ቢሆን ጥሩ ነው። ራሳችሁ ከሱስ የወጣችሁ ከሆነ ትልቅ ሀብት ነው፣ ግን ብቻውን አማካሪ አያደርግም።

ቀጥሎ መጠየቅን ተማሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ የአልኮል አጠጣጥን የሚለካ ኦዲት (AUDIT) የሚባል መጠይቅ አለ፤ 10 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ድምሩ 8 ከደረሰ በሰውየው አጠጣጥ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል። ቀላል ይመስላል አይደል? ጣጣው «ስንት ትጠጣለህ?» ላይ ነው፤ መጠይቁ በግራም አልኮል ያስባል፣ ሰውየው ደግሞ ጠጁን በብርሌ፣ አረቄውን በመለኪያ ነው የሚቆጥረው፣ የአንዱ ቤት አረቄ ደግሞ ከሌላው ይከብዳል፣ ስለዚህ በምን እንደጠጣና ስንት ሰዓት እንደቆየ እያዋዛችሁ አውጣጡት። ጫት የሚቅም ከሆነ ጨብሲውንም አትርሱ!

ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባል ስልጠና ካገኛችሁ አትለፉት። ምክር መደርደርን ትቶ ሰውየው የራሱን ምክንያት እንዲናገር ማድረግን ያስተምራል። ከጓደኛ ጋር ተራ በተራ አማካሪና ተመካሪ እየሆናችሁ ተለማመዱት።

አንድ ነገር ግን፦ ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣን ሰው «ዛሬውኑ አቁም» እንዳትሉት። በድንገት ማቆም ሊያንፈራግጠው፣ ሊገድለውም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።